በባልንጀሮቼ ፎቶ ላይ አስተያየት ስሰጥ የተሳሳትኩት

ፎቶ ማንሳት መተዳደሪያዬ አይደለም። በሥራ ቀናት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ያገለገለ ካኖን ካሜራና አንዲት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዤ እወጣለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት እንደ እኔው ፎቶ የሚወዱ ስምንት ሰዎች አገኘሁና ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ካፌ በየሁለት ሳምንቱ መገናኘት ጀመርን። እያንዳንዳችን ያነሣነውን አንድ የሰው ፎቶ ይዘን እንመጣለን፤ አንዱ ላፕቶፑን ይከፍታል፤ ሌሎቻችን ያየነውን እንናገራለን። በመካከሉ ደግሞ በቴሌግራም እንላላካለን። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ስብስብ ውስጥ ላላችሁ፣ ወይም ጓደኛችሁ ፎቶውን አሳይቶ «እንዴት ነው?» ሲላችሁ መልሱ ለሚቸግራችሁ ነው። እኔ በዚህችው ጥያቄ ሰበብ አንድ ጥሩ ባልንጀራ ለስምንት ወር አጥቻለሁ፤ ስብስባችንም ሊበተን ጥቂት ነበር የቀረው።

ከሁላችን በፊት ላይትሩምና ፎቶሾፕ የሚባሉትን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች የተማርኩት እኔ ስለነበርኩ አስተያየት የመስጠቱ ነገር ሳይታወቅ ወደ እኔ አጋደለ። ሰው ፎቶውን ገና ሲከፍት ዓይኔ የሚሮጠው ወደ ጉድለቱ ነበር። ከጀርባ ያለው ተዝረክርኳል፤ እጁ አንጓው ላይ ተቆርጧል፤ ቆዳው ወደ ብርቱካንማ ሄዷል። የምናገረው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ነገሩ እውነት እስከሆነ ድረስ አነጋገሩ ለውጥ የለውም ብዬ አምን ነበር። በአንድ ፎቶ ላይ ስድስት ሰባት ነጥብ እደረድራለሁ። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይመጣል፤ እኔም አልሰማኝም ብዬ እበሳጫለሁ። ሰባት ነገር በአንድ ጊዜ የተነገረው ሰው አንዱንም ይዞ እንደማይሄድ ያኔ አልገባኝም።

ከአባሎቻችን አንዱ ባንክ ውስጥ የሚሠራ፣ በዕድሜ ጥቂት የሚያንሰኝ ልጅ ነው። ጥር ላይ ለጥምቀት ወደ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ አያቱን አነሣቸው። አያቱ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አስጠግተው ተቀምጠዋል፤ ነጭ ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል፤ ብርሃኑ ከጎን ገብቶ ግማሽ ፊታቸውን ይዞታል። አንገታቸው ላይ በልጅነታቸው የተነቀሱት ንቅሳት በሦስት ረድፍ እንደ ሐብል ይዞራል፤ ጊዜ አደብዝዞት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ሆኗል። ፎቶው ጨለም ያለ ነበር። ልጁ ማታ በቴሌግራም ላከውና «ፊታቸው ጨለመብኝ፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ።

ጥያቄው አጭር ነበር፤ መልሱም አጭር መሆን ይችል ነበር። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሠራ፣ ነጭ ነጠላ የፎቶውን ሰፊ ክፍል ሲይዝበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው የብርሃኑን ልክ ከፊት ላይ መውሰድ ነው፤ አንስቶት ለጨረሰ ሰው ደግሞ ፊቱን ብቻ መርጦ፣ የነጠላው ሽመናና ጥለት ሳይጠፋ ቀስ ብሎ ማፍካት። ይህን ያህል ብነግረው ይበቃው ነበር።

እኔ ግን ፎቶውን አወረድኩና እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩበት። መጀመሪያ ፊታቸውን አፈካሁ። ከዚያ ሽብሽባቸውን አለሰለስኩ፤ ከዓይናቸው ሥር ያለውን ጥላ አነሣሁ፤ የዓይናቸውን ነጭ አነጣሁ። ጠይም የነበሩት ሴትዮ ቀላ ብለው ወጡ። በመጨረሻ የአንገታቸው ንቅሳት ዓይን ይሻማል ብዬ በማጥፊያው መሣሪያ ነጥብ በነጥብ አነሣሁት። የእርሱንና የእኔን ጎን ለጎን አድርጌ ለሁሉም ላክሁ፤ ከሥሩም «መሠራት ያለበት እንዲህ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ስነሣ ስድስት ሰው «እጅህ ይባረክ» ብሎኝ ጠበቀኝ። ልጁ ምንም አላለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኩ።

እርሱ ብቻ አይደለም የተለወጠው። ሌሎቹ መምጣታቸውን አላቆሙም፤ የሚያመጡት ግን እያነሰ ሄደ። አንዷ ፎቶዋን ከማሳየቷ በፊት «ይህ ለልምምድ ያህል ነው፤ አትዩብኝ» ማለት ጀመረች። አስተያየቱ ሁሉ ቀስ በቀስ «ያምራል» ሆኖ ቀረ። ይሉኝታ ገባ። ማንም ማንንም አያስቀይምም፤ ማንም ከማንም አይማርም። እኔም ሰላም ሆነ ብዬ ደስ አለኝ።

ሐምሌ ላይ የጎረቤቴ ልጅ ተመረቀች። እናቷ «አንተ እያለህልን ፎቶ ቤት ምን ያስኬደናል?» አሉኝ፤ በደስታ ተቀበልኩ። ከጀርባዋ ያለው እንዲለሰልስ ስለፈለግኩ የሌንሱን አፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ በሰፊው ከፍቼ 1.8 ላይ አድርጌ ከአንድ ሜትር ገደማ ርቀት አነሣኋት። ከመታተሙ በፊት ሁለቱን መርጬ ለባልንጀሮቼ ላክሁ። «ድንቅ ነው»፣ «ያምራል»፣ ጭብጨባ። ሃምሳ በሰባ ሴንቲ ሜትር ታትሞ ሲመጣ ግን በስልክ ያልታየው ታየ። ከባርኔጣዋ ፊት ለፊት የተንጠለጠለው ዘርፍ ክሩ እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ብሏል፤ ዓይኖቿ ደብዝዘዋል። በዚያ አፐርቸርና በዚያ ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ የእኔ ፎከስ ደግሞ ዘርፉ ላይ አርፏል። ምረቃ ተመልሶ አይነሣም። ፎቶው ዛሬም ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ እናቷ ቡና በጠሩኝ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ይሄዳል።

ይህን ለአንዱ ባልንጀራዬ ሳጫውተው አቀርቅሮ ቆየና «እኔ እኮ አይቼው ነበር» አለኝ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። «እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው። የአያቱን ፎቶ ካስተካከልክበት ቀን ወዲህ ደግሞ ማን ደፍሮ ይነግርሃል?» አለ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ነው።

ከእኛ መካከል በዕድሜ የሚበልጡንና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። በፊልም ዘመን ፒያሳ ውስጥ ፎቶ ቤት ሠርተዋል፤ በተሾለ እርሳስ ነጋቲቭ ላይ ሪታች ያደርጉ፣ ማለትም የፊትን ጉድለት በእጅ ያስተካክሉ ነበር። በነጋታው ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሁለቱንም የአያቲቱን ፎቶዎች በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ለረጅም ጊዜ ያዙት። ቡናው ቀዘቀዘ። ቀና ብለው «ልጁ ምን ሊያሳየን ፈልጎ ነው ያነሣቸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አልጠየቅሁትማ። «እኛ ደንበኛው ሳይጠይቀን ጠባሳ አናነሣም ነበር» አሉ። «ብጉር እናነሣለን፤ ብጉር ለሠርጉ ቀን የመጣ እንግዳ ነው። ጠባሳ ግን የባለቤቱ ነው።» ከዚያም በስብስባችን ሁልጊዜ ቀድሜ እንደምናገር፣ ሰዎች የእኔን ከሰሙ በኋላ የራሳቸውን ዓይን እንደሚዘጉ ነገሩኝ። ይህን ከእርሳቸው መስማት ከበደኝ፤ ክፋት እንደሌለው ግን አውቄአለሁ።

መስከረም ገብቶ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ልጁን ሥራ ቦታው አቅራቢያ ጠብቄ አገኘሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት። ቅር መሰኘቱን አልደበቀኝም፤ ግን ያልጠበቅሁትን ነገረኝ። የእኔ ሥራ ትክክል ይሆናል ብሎ ለፋሲካ አገር ቤት ሲሄድ ሁለቱንም ፎቶ ለአያቱ አሳይቷቸዋል። የእርሱን አይተው ሳቁ፤ በጣታቸው የስልኩን መስታወት ነኩ። የእኔን ሲያሳያቸው ግን አላወቁትም። «ይህችኛዋ ደግሞ የማን ናት? አንገቷ ባዶ ነው» አሉት። ንቅሳቱን በእሾህና በጥላሸት የነቀሱላቸው ታላቅ እኅታቸው ናቸው፤ ሁለቱም ልጃገረዶች ሳሉ። ፎቶውን ያነሣው ያንን ንቅሳት ፈልጎ ነበር። «አንተ ስታጠፋው እኔ ምን ልበል?» አለኝ። በዚያ ሰዓት የምመልሰው አልነበረኝም፤ አሁንም ብዙ የለኝም። ካፌዋ ድረስ አብረን ሄድን።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንድ ዓመት ከሞላ ጎደል የተማርኩት እንዴት መናገር እንዳለብኝ ነው። እናንተ ከእኔ በተሻለ መንገድ እንድትጀምሩት የጠቀመንን ላካፍላችሁ።

ፎቶ ሲቀርብላችሁ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩት። ብዙ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ጉድለት በሦስት ሰከንድ ይታያል፣ ፎቶው የሚለው ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ባለቤቱን ጠይቁት፦ ምን ልታሳየን ፈልገህ ነው? ምን ዓይነት አስተያየት ትፈልጋለህ? አንዳንዱ ለእናቱ የላከውን ፎቶ ደስታውን ሊያካፍል ብቻ ነው የሚያሳየው። እርሱን «እሰይ» ማለት ይበቃል፤ ውሸትም አይደለም። ሌላው ለውድድር ወይም ለትርኢት ሊያስገባው ነው፤ እርሱ ጠንከር ያለውን ይፈልጋል። ሳትጠይቁ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ብትሰጡ አንዱን ትጎዳላችሁ።

«ያምራል» ማለት ከፈለጋችሁ ምኑ እንደሚያምር ጨምሩበት። «በቀኝ ዓይኗ ውስጥ የመስኮቱ ብርሃን እንደ ነጥብ ታየኝ፤ ፊቷን ሕያው ያደረገው እርሱ ነው» ያለው ሰው አድናቆትም ትምህርትም ሰጥቷል። አንሺው ያንን ነጥብ ሳያውቀው አግኝቶት ይሆናል፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ፈልጎ ያነሣዋል። እኔ ይህንን ከስድብ የማይሻል ሽንገላ አድርጌ የምቆጥርበት ጊዜ ነበር፤ አሁን ግን ሰው ከሠራው ጥሩ ነገር የሚማረው ከስሕተቱ ከሚማረው እንደማያንስ አምናለሁ።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አንሡ፤ ቢበዛ ሁለት። የትኛውን? እኛ የደረስንበት መንገድ ሲያነሱ የተፈጠረውንና በኤዲቲንግ የተፈጠረውን መለየት ነው። ለምሳሌ ከቀትር ፀሐይ በታች የተነሣ ሰው ዓይኖቹ ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ስለምትውል ይህ የሁላችንም ችግር ነው። የትኛውም ኤዲት በደንብ አያድነውም፤ ስለዚህ በዚያ ፎቶ ላይ አትጨቅጭቁት፤ «በሚቀጥለው በረንዳ ጥላ ውስጥ አስገብተህ ወደ ግቢው አዙረህ ሞክራቸው፤ ወይም ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ውጣ» በሉት። ቀለሙ የተዛባ ፎቶ ከሆነ ግን ዛሬ ማታ ሊያስተካክለው ይችላልና እርሱን ንገሩት። ሰው ሊሠራበት የሚችለውን ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ በሚቀጥለው ጊዜ ይመለሳል።

ገንዘብ የሚጠይቅ አስተያየት የመጨረሻችሁ ይሁን። «ሌንስህን ቀይር» ማለት ለብዙዎቻችን የወራት ደመወዝ አውጣ ማለት ነው። በስልክ የሚያነሣ ልጅ አለን፤ የሰው አፍንጫ ይተልቅበት ነበር። ምክንያቱ ስልኩ ሳይሆን ፊት ድረስ መጠጋቱ ነበር። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በሁለት እጥፍ ማቅረቢያው እንዲያነሣ ነገርነው፤ በዚያው ስልክ ዛሬ ከሁላችንም የተሻሉ ፊቶችን እያመጣልን ነው። ጥላ የበዛበት ፊት ላይ ብርሃን ለመመለስም አንድ ነጭ አንሶላ ይበቃል።

የምትናገሩት ስለ ፎቶው ይሁን እንጂ በውስጡ ስላለው ሰው መልክ አይሁን። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን «ጥርሷን ባትስቅበት ጥሩ ነበር» የሚል አስተያየት በእኔው ጆሮ ሰምቻለሁ፤ ልጅቷ የአንሺው እኅት ነበረች። «አንተ ሁልጊዜ ታጨልማለህ» ከማለትም «ይህኛው ፊታቸው ላይ ጨለመብኝ» ማለት ይሻላል። በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ቃል ይደርቃል፤ ፈገግታችሁ አይታይም። ጠንከር ያለ ነገር ካላችሁ ለብቻው ደውሉለት፤ ወይም ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩለት። በሰው ፊት አመስግኑ፤ እርማቱን ለብቻ አድርጉት።

የሰውን ፎቶ ሳያስፈቅዱ ኤዲት ማድረግን ሙሉ በሙሉ ከልክለናል። ባለቤቱ «እስቲ አንተ ብትሆን እንዴት ትሠራው ነበር?» ካለ ብቻ እንነካለን፤ የሠራነውንም ለእርሱ ብቻ እንልካለን። ፊት ላይ ስለሚጠፋው ነገር የጋሼን ደንብ በራሳችን መንገድ ይዘነዋል፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ የሚጠፋ ነገር ከሆነ ይነሣ፤ ከሰውየው ጋር የሚኖር ከሆነ ሰውየው ራሱ ይጠየቅ። ማዲያት፣ ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ ሽብሽብ ሁሉ በዚህ ያልፋሉ።

የቆዳ ቀለም ላይ ግን ዝም አትበሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ጠይምን ማቅላት እንደ እርማት የሚቆጠርበት ልማድ በእኛ አልተጀመረም። ኮዳክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልክ የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ስትሆን የሁሉም ሰው ቀለም የሚለካው በእርሷ ቆዳ ነበር። ጉግል ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል ለማውጣት «ሪል ቶን» ያለውን አሠራር በፒክስል 6 ስልክ ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በመካከሉ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ዓይናችንም አብሮ ለምዷል። እኔ በዚያ ሌሊት የአንዲት የጎጃም እናት ፊት ሳቀላ «አሳመርኩ» ብዬ ነበር ያሰብኩት። ስለዚህ የባልንጀራችሁ ፎቶ ላይ ፊቱ የነጣ ከመሰላችሁ እጁን ተመልከቱና «ፊታቸውና እጃቸው የአንድ ሰው አልመስል አለኝ» በሉት። ማንንም አያስቀይምም፤ ራሱ ያየዋል።

ለራሳችሁ ኤዲት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ማታ የጨረሳችሁትን ፎቶ ማታውኑ አትላኩ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስክሪኑ ብርሃን ያታልላል፤ በአምፖል ሥር ቀለሙም ይለወጥባችኋል። ጠዋት በመስኮት ብርሃን እዩትና ማለስለሻውንም ማጥሪያውንም በግማሽ ቀንሱት። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ያንን ፎቶ አልልከውም ነበር ብዬ አስባለሁ።

አስተያየት ተቀባይ ስትሆኑም አንድ ነገር አለ፦ ወዲያው አትከላከሉ። «ብርሃኑ እኮ እንዲህ ስለነበረ ነው» ማለት ስትጀምሩ ሰው ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ደግሞ የምረቃውን ፎቶ የሚያድንላችሁ አይኖርም። እኔ አሁን ፎቶዬን ስልክላቸው «ዓይኑ ላይ አጉልታችሁ እዩልኝ» ብዬ ለይቼ እጠይቃለሁ። ያ «አይቼው ነበር» ያለኝ ባልንጀራዬ ባለፈው ወር ሦስት ፎቶ መለሰብኝ፤ ሦስቱንም ድጋሚ አነሣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ አንድ ትልቅ ካርቶን በብብቱ ይዞ መጣ። የአያቱን ፎቶ፣ የመጀመሪያውን፣ አሳትሞታል፤ ፊታቸውን በጥቂቱ ብቻ አፍክቶታል። ጠረጴዛው ላይ አቆመውና «አሁን ምን ታያለህ?» አለኝ። ሌሎቹ እስኪናገሩ ቆየሁ። የነጠላውን ጥለት አየሁ፤ ሦስቱን የንቅሳት ረድፎች አየሁ፤ በግራ ዓይናቸው ውስጥ ያለችውን የግቢ ብርሃን አየሁ። ምን ልታሳየን ፈልገህ ነው ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስለ ዓይናቸው ብርሃን ነገርኩት። ከዚያ አንድ ነገር ልጨምር ብዬ አስፈቀድኩት፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ከኋላ ያለው የበሩ መቃን ከራሳቸው የበቀለ መሰለኝ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየው። ጣቱን መቃኑ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ተከተለው። «እውነትህን ነው» አለ፤ «ለመስቀል ስሄድ በርጩማውን ወደ ግራ አስጠጋላቸዋለሁ።»